የምንቆጥበው ለማን ነው?

«ሕዝባችን የቁጠባ ባህል የለውም።» ይህችን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሬዲዮ ላይ የባንክ ኃላፊ ይላታል፤ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ይላታል፤ ቤት ውስጥ አጎት ከምሳ በኋላ ስቴኪኒውን ይዞ ይላታል። ተከትሎ የሚመጣው ምሳሌም የታወቀ ነው፦ ጀርመን ይቆጥባል፣ ጃፓን ይቆጥባል፣ እኛ ግን ለሠርግና ለድግስ እንበትናለን። ወሬው ስለ ገንዘብ ቢመስልም ፍርዱ የምግባር ነው። የተቸገርከው መታገሥ ስላልቻልክ ነው፤ ነገህን በዛሬ ስለሸጥክ ነው ይልሃል።

እኔ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ሙያው ግን አንድ ጠባይ ያስለምዳል፦ ሲስተሙ የማይፈለግ ውጤት ሲሰጥ ተጠቃሚውን ከመስደብህ በፊት ሲስተሙ ራሱ ምን እንደሚያስደርገው ታያለህ። ሺህ ሰው አንድ ዓይነት «ስሕተት» ከሠራ ችግሩን የምትፈልገው ሺህ ሰው ጋ ሳይሆን አንተ የሠራኸው ገጽ ላይ ነው። ስለ ቁጠባም መጠየቅ የምፈልገው በዚሁ መንገድ ነው። እሺ፣ መቆጠብ መልካም ምግባር ነው እንበል። መልካም ምግባርን በሚቀጣ ሥርዓት ውስጥ የሚኖር ሰው «ለምን መልካም አልሆንክም?» ተብሎ ይወቀሳል?

ከሳሊተ ምሕረት ወደ ሰሚት በኩል ስትሄዱ ያላለቁ ቤቶች ታያላችሁ። ምድር ቤቱ ላይ ሰው ይኖራል፣ ልብስ ተሰጥቷል፣ ቡና ይቆላል። ከላይ ግን ኮለኑ ተጀምሮ ቆሟል፤ ፌሮው ዝጎ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሏል። ለአላፊ አግዳሚው ይሄ ዕቅድ የጎደለው ግንባታ ነው። ለባለቤቱ ግን ፌሮው የቁጠባ ደብተሩ ነው። ትርፍ ብር ሲገኝ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ብሎኬት ይደረደራል። ካልተገኘ ይቆማል። ዕቁብ ሲወጣለት ሶሌታው ይሞላል። ዐሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ትዕግሥት የለውም ማለት ይከብዳል። ያላደረገው ነገር ቢኖር ብሩን ባንክ ማስቀመጥ ነው።

ለምን አላስቀመጠም? ሒሳቡ ቀላል ነው። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ወስኖ ነበር፤ ከዚያ በፊት 5 ነበር። 2014 ዓ.ም.ን ሙሉውን ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ያገኛል። በ100,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ቢያንስ 130,000 ሆኗል። ስለዚህ እጁ ላይ ያለው ብር በመጀመሪያው ዋጋ ሲለካ 82,000 ገደማ ብቻ ነው። 18,000 ብሩ ሌባ አልወሰደውም፣ ደብተሩም ላይ አይታይም። ፌሮ የገዛው ጎረቤቱ ግን ፌሮው ዝጎም ቢሆን ዋጋው ጨምሯል። እንግዲህ «የቁጠባ ባህል የለውም» የተባለው ከሁለቱ ትክክለኛውን የመረጠው ሰውዬ ነው።

ያ 18,000 ብር ተንኖ አልጠፋም። ቆጣቢ በከሰረ ቁጥር ያተረፈ ተበዳሪ አለ፤ በርካሽ ወለድ ተበድሮ፣ ብሩ ከረከሰ በኋላ በረከሰው ብር የሚመልስ። ይህ ተበዳሪ ማን ነበር? አንዱን በግልጽ እናውቀዋለን። ከ2003 እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ድረስ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ከእያንዳንዱ 100 ብር ጋር 27 ብር አውጥተው የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። የሰነዱ ወለድ ለዓመታት 3 በመቶ ነበር። ለአስቀማጩ 5 ከፍሎ በ3 ማበደር ማለት ነው። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል መንግሥት ቅድሚያ ወደሰጣቸው ሥራዎች ይሄድ ነበር። መመሪያው ከተነሣም በኋላ በ2015 ዓ.ም. በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ፤ ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ የሚያህል የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ ታዘዙ።

ይህን ስል መንግሥት ሰረቀን ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። አገር የሚገነባው በአንድ ሰው ገንዘብ ነው፤ ግብርም ከኪስ ነው የሚወጣው። ግን ግብር ሲሆን ስሙ ግብር ነው፤ ደረሰኝ አለው፣ ማን ስንት እንደከፈለ ይታወቃል፣ ብትፈልግ ትከራከርበታለህ። ይሄኛው ግን ስሙ «ቁጠባ» ነበር። ከከፋዩም በላይ የከፈለው ደግሞ በባንክ ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ የሌለው ነው፤ ደሞዙ በባንክ የሚገባለት መምህር፣ መሬት የሌላት ነርስ።

አሁን «ጀርመን ይቆጥባል» ወደሚለው ልምጣ። ከዚህ ሆኖ ሲታይ አውሮፓ አንድ አገር ይመስላል። የቤተሰብ ገንዘብ ውስጥ ሲገባ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ሮማንያ ውስጥ ከ100 ሰው ከ90 በላይ የሚኖረው በገዛ ቤቱ ነው። ከዚያ በብዙ የምትበልጠው ሀብታም ጀርመን ውስጥ ግማሽ ያህሉ ተከራይ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ ቤተሰቦች ከገቢያቸው የሚበልጥ ትልቅ የቤት ዕዳ ተሸክመው ይኖራሉ፤ ግን ደግሞ ጡረታ ፈንዳቸው ውስጥ ያለው ገንዘብ ከዓለም ትላልቆቹ አንዱ ነው። በአጎቴ ሚዛን ቢለካ ሮማንያዊው ጨዋ፣ ደቹ ደግሞ አባካኝ ሊባል ነው።

ምክንያቱ ሲፈለግ የሚገኘው ከጠባይ ይልቅ ሕግ ነው። ሮማንያ ውስጥ ከ1989 እ.ኤ.አ. ለውጥ በኋላ መንግሥት አፓርታማዎቹን ለሚኖሩባቸው ተከራዮች በርካሽ ሸጠላቸው፤ በአንድ ትውልድ ሁሉም ባለቤት ሆነ። ጀርመን ውስጥ ተከራይን ከቤት ማስወጣት ከባድ ነው፤ ዕድሜ ልክን ተከራይቶ መኖር አያሳፍርም፣ አያሰጋም። ደች መንግሥት ደግሞ የቤት ብድር ወለድን ከግብር ላይ ይቀንስ ስለነበር መበደር ብልህነት ነበር፤ ቁጠባው ደግሞ ከደሞዙ ገና ሳያየው ወደ ጡረታ ፈንድ ይሄዳል።

የጀርመኖቹ ነገር በተለይ ያስገርመኛል። በ1923 እ.ኤ.አ. የዋጋ ንረት ቁጠባቸው ወረቀት ሆነ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1948ቱ የገንዘብ ለውጥ፣ ባንክ ውስጥ 100 የድሮ ማርክ የነበረው ሰው መጨረሻ ላይ የደረሰው 6 ተኩል አዲስ ማርክ ነበር። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ሁለቴ ባዶውን ቀረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ቆጠቡ። ይሄን ያየ «አይ፣ በደማቸው ነው» ሊል ይችላል። እኔ የሚታየኝ ግን ከ1948 በኋላ የመጣው ማርክ ለዐሥርት ዓመታት ዋጋውን እንደያዘ መቆየቱ ነው። የተሰጣቸው ቃል ሲጠበቅ አዩ፤ ልማዱ ተከተለ። እኛ ልማዱን አስቀድመን ቃሉን በኋላ እንጠብቅ እየተባልን ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ዕቁብን ላወድስ እንደሆነ ትጠረጥሩ ይሆናል። ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው፤ ግን መጀመሪያ ልክሰሰው። ዕቁብ ወለድ የለውም ይባላል። 20 ሰው በየወሩ 5,000 ብር ያዋጣል፣ በየወሩ አንድ ሰው 100,000 ይበላል፣ በ20 ወር ያልቃል። ሁሉም 100,000 ከፍሎ 100,000 ወሰደ፤ እኩል። ዋጋ በየወሩ 2 በመቶ የሚጨምር ከሆነ ግን እኩል አይደለም። በመጀመሪያው ወር ብር ካሰላነው እያንዳንዱ አባል ያዋጣው 83,400 ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት 100,000 ወሰደ፤ 16,600 አተረፈ። የመጨረሻው የወሰደው 100,000 ደግሞ የሚገዛው 68,600 ብር ይገዛ የነበረውን ነው፤ 14,800 ከሰረ። ወለዱ ስም ስለሌለው ነው እንጂ አለ። ዕጣ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል።

ይህን በኤክሴል ሠርቼ ለብሎካችን ዕቁብ ሰብሳቢ አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ መጨረሻ የሚወጣለት ሰው እኮ እየተጎዳ ነው» አልኳቸው።

ስልኬን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ለዚህ ኮምፒውተር አስነሣህ? ዘይት ያኔ በስንት ገዛን፣ አሁን በስንት ነው? ይታወቃል እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም ይባላል?»

«ማን ዝም አለ? ባለፈው ዙር ልጇ የታመመባት እናት ስትለምን፣ የወጣለት ሰውዬ ‹እኔ እቆያለሁ፣ ትውሰደው› አላለም? እያወቀ ነው የለቀቀላት። ደግሞ አንዳንዱ ራሱ መጨረሻ ይድረሰኝ ይላል፤ ቀድሞ እጁ ከገባ እንደማይቀመጥ ያውቀዋል።»

በሚቀጥለው ዙር ያደረጉት ነገር ከኤክሴሌ የተሻለ ነበር። መዋጮው በየ15 ቀኑ 2,500 ሆነ፣ ዕጣው 50,000፣ ዙሩ በ10 ወር የሚያልቅ። ዙሩ ባጠረ ቁጥር የፊተኛውና የኋለኛው ልዩነት ይጠባል። ውሳኔው የተወሰነው ደረጃ ላይ ቆመው ነው፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። 7 በመቶዋ ግን ለዓመታት አልተነካችም።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የተገለበጠልኝ። ባንክም ዕቁብም ውስጥ ቆጣቢው ይከስራል። በሁለቱም የከሰረው ገንዘብ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ዕቁብ ውስጥ ግን ለማን እንደሄደ አውቃለሁ፤ ልጇ ድኖ ደረጃ ላይ ኳስ ሲያንከባልል አየዋለሁ። ማን እንደሚቀድም የወሰነው ደግሞ ዓይኔ እያየ የተነሣ የተጠቀለለ ወረቀት ነው። በአማርኛ «ብድር» የገንዘብ ብቻ ቃል አይደለም። ብድር በምድር ይባላል፤ የተደረገልህን መልሰህ ታደርጋለህ፣ ያደረግህም ይመለስልሃል። ለዚህ ግን አበዳሪና ተበዳሪ መተያየት አለባቸው። ለማን እንዳበደረ የማያውቅ ሰው ብድሩ ከማን ይመለስለታል?

ለካ ሰው መክሰሩን ብቻ አይደለም የሚመዝነው። የህዳሴው ግድብ ቦንድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጀመር ሠራተኛው የወር ደሞዙን ያህል ቦንድ ገዛ። በንጹሕ ሒሳብ ካየነው ያ ቦንድ ከባንክ ቁጠባ እምብዛም አይሻልም፤ ንረቱ በልቶታል። ግን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ «ቦንዴ ከሰረብኝ» ብሎ ያዘነ ሰው እኔ አላጋጠመኝም። ገንዘቡ የት እንደገባ ያውቃል፤ ኮንክሪቱን በቴሌቪዥን ያየዋል። በእርግጥ «ማን ጠየቀኝና ነው የቆረጣችሁብኝ?» ያሉም ነበሩ፤ ቅሬታቸውም እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው፦ መጠየቁ ላይ። በ27 በመቶው ጊዜ ግን የተጠየቀም፣ የተነገረውም ቆጣቢ አልነበረም።

የኮንዶሚኒየሙ ቁጠባ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ 20/80 ላይ ባለ አንድ መኝታ የመረጠ ሰው በወር 274 ብር ንግድ ባንክ እንዲያስገባ ነበር ውሉ፤ ለ5 ዓመት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ገባበት። ባህል የለውም የተባለው ሕዝብ በወር በወሩ፣ ሰልፍ ይዞ፣ ዓመት ከዓመት ቆጠበ። ለምን? ከፊቱ የተቀመጠው ወለድ ሳይሆን ቤት ነበር። የሚታይ ነገር ነበር፤ ብሎኩ ሲወጣ፣ ቀለም ሲቀባ ከታክሲ መስኮት ያየዋል። 5 ዓመቱ አልፎ ሌላ 5 ዓመት ሲጨመር እንኳ ብዙው አላቋረጠም።

ከዚያ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. መጣ። 25,791 ቤቶች ዕጣ ወጣባቸው ተባለ፤ በቀናት ውስጥ የዕጣ ማውጫው ሲስተም ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ፤ ከሥራው ጋር ግንኙነት ያላቸው ባለሙያዎች ታሰሩ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ዳታቤዙና ስለ ኮዱ ነው ያወሩት፤ ማን ገብቶ ምን ነካ፣ ኦዲት ተደርጎ ነበር ወይ የሚለውን። እኔን የከነከነኝ በሁለቱ ዕጣዎች መካከል የነበሩት ወራት ናቸው። ለቀናት ባለቤት የነበረ ሰው አለ፤ ዘመድ ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ ያለው። የተጠቀለለ ወረቀት ስንጥል አንድ ትንሽ ልጅ ጠርተን እናስነሣዋለን፤ ልጁ ማንንም አያውቅም፣ ሁላችንም እጁን እናያለን። አልጎሪዝሙ ከልጁ የበለጠ ገለልተኛ ሊሆን ይችላል፤ በሒሳብ ደረጃ በደንብ ሊሆን ይችላል። እጁ ግን አይታይም። በእኔ ሙያ ያለ ሰው ይህን እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ቢያየው ቆጣቢውን መናቅ ይሆንበታል።

ዕቁብን ግን ከዚህ በላይ ከፍ አላደርገውም። ዋስ መጥራት የማይችል አይገባበትም። በቀን ሥራ የሚያድር፣ ትናንት ከገጠር የመጣ፣ ሠፈሩ የማያውቀው ሰው ደጅ ይቀራል። ዋጋ የሚያስከፍለውም ሐፍረት ነው፤ ባንክ ደብዳቤ ይጽፍልሃል፣ ዕቁብ ግን እናትህ ጋ ይሄዳል። 20 ሰው ደግሞ ፋብሪካ አያቆምም። ባንክ የተፈጠረው ለማይተዋወቁ ሰዎች መተማመን እንዲቻል ነው፤ ያንን ከጣልን የቀረን ሠፈር ብቻ ነው። ጀርመናዊው ራይፋይዘን በ1864 እ.ኤ.አ. ሄድስዶርፍ የምትባል መንደር ውስጥ ያቋቋመው የብድር ማኅበር ከዕቁባችን ብዙ አይርቅም፤ አባሎቹ አንዱ ለሌላው ዕዳ ባላቸው ሁሉ ዋስ ነበሩ። ልዩነቱ ያኛው ሕግ ተበጅቶለት፣ ማኅበር ከማኅበር ተያይዞ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠሩ ትላልቅ ባንኮች መኖራቸው ነው። የእኛው ደግሞ ከነዋሱና ከነደብተሩ ደረጃ ላይ ቀርቷል፤ ማንም መጥቶ «እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብሎ አልጠየቀውም። «ባህል የላችሁም» ለማለት ግን የሚመጣ አይጠፋም።

ጥያቄው ያልተዘጋ መሆኑን የሚያሳየኝ በዚህ ዓመት የመጣብን ጉዳይ ነው። ፍራንክፈርት የሚኖር የጎረቤታችን ልጅ ዕቁባችን ውስጥ ልግባ አለ። እዚያ ቤት ለመከራየት «ሹፋ» የሚባለውን ወረቀት አምጣ ይሉታል፤ ብድሩን በጊዜ የሚከፍል ሰው መሆን አለመሆኑን በነጥብ የሚናገር ወረቀት ነው። ሹፋ በ1927 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ የተጀመረው ዕቃ በዱቤ ከሚሸጥ የመብራት ድርጅት ጋር ተያይዞ ነው፤ የሠፈር ባለሱቅ ደብተር አገር አቀፍ ሲሆን ማለት ነው። ልጁ ገና አዲስ ገቢ ሳለ ታሪክ ስለሌለው ማንም አያከራየውም ነበር። አሁን ነጥቡ ጥሩ ነው አሉ። እኛ ጋ ግን ያ ነጥብ ምንም አይሠራም።

ደረጃው ላይ ክርክር ሆነ። አንዱ ዩሮ የሚያገኝ ሰው ለምን 2,500 ብር ያስፈልገዋል አለ። ሌላው ብር ሲረክስ ለእሱ መዋጮው ይቀልለታል፣ እኛ ጋ ግን ይከብዳል፤ እንዴት እኩል ይሆናል አለ፤ ይሄ እኔ ኤክሴል ላይ ያላሰብኩት ነው። ሰብሳቢዋ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ዋሱ ማን ነው?» አሉ። እናቱ እጃቸውን አነሡ። ገባ። ዕጣው ውስጥ ግን ለዚህ ዙር አልተጨመረም፤ የመጨረሻውን እንዲወስድ ተስማማን፤ እሱም በስልክ እሺ አለ።